ይሄ ጓዝ የማን ነው?

አክስቴ ከተማ የደረስኩት የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ብድግ አድርጎ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ አናት ላይ ሰቀለኝና መንገዱን ሁሉ እዚያው ስነጥር መጣሁ። መናኸሪያ ስንደርስ ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ፣ ራሱን አከከ፣ አንገቱን በበሩ አውጥቶም ጮኸ፤

«ይሄ ጓዝ የማን ነው?»

«የኔ ነው!» አለች አንዲት ሴት ከሰው መሀል እጇን እያወጣች። «የኔ ነው! ቀስ አድርገህ አውርደው፣ ጓዝ ይሰበራል!»

አክስቴ ነበረች፣ የእናቴ ታናሽ። ሰው ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ፣ እሷም እየሳቀች ተቀበለችኝ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ጓዝ ከተባልሽ ጓዝ ነሽ፤ ቀልድ ነው የሚልሽ የለም።

ከዚያ በፊት የአባቴ እህት ቤት ነበርኩ። አባቴ መንገድ ሠራተኛ ነው፤ መንገዱ በሄደበት ድንኳኑን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ልጅ አያድግም። እህቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። የራሷ ልጆች ቤቱን ሞልተውታል፣ እኔ ስጨመር የሞላው ፈሰሰ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው ግን አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ስር ቆማ ለጎረቤቷ «እፎይ! ተገላገልኩ» ማለቷን ነበር። እንድሰማ ብላ አልነበረም፣ ግን ሰማሁ። መገላገል ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። የከበደ ነገር አውቶቡስ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ እፎይ ይባላል።

አክስቴ ጠዋት ጠዋት ፖስታ ቤት ቴምብር ትሸጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትነግሣለች። የከተማው ቲያትር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወለሉን ቢያነሱት እስካሁን ስንዴ ይገኝበታል ይባላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥልበት እንኳን ተዋናይ ነጎድጓድ ራሱ አይሰማም። ስለዚህ የቤቱ ሕግ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ባለበት ይቁም የሚል ነበር። ሰይፍ የመዘዘ እንደመዘዘ፣ የተንበረከከ እንደተንበረከከ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ ሲያባራ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ተመልካቹም ለምዶታል። እንዲያውም አንዳንዱ የሚመጣው ቲያትሩን ሊያይ ሳይሆን ከተዋንያኑ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ሊያይ ነው።

የዚያ ዓመት ቲያትር የታሪክ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ንግሥት ነበረች፤ ወራሽ የላትምና ከወንዙ ማዶ ያለው ንጉሥ አገሯን ሊነጥቅ ይመጣል። ንግሥቲቱን የምትጫወተው አክስቴ ናት። እዚህ ለመድረስ ዓመታት ሙሉ የንግሥት ደንገጡር ሆናለች፣ የንግሥት ሞግዚት ሆናለች፣ አንድ ዓመትም የንግሥት ሬሳ ሆና ተኝታለች። የማዶውን ንጉሥ የሚጫወተው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ጺሙ በሙጫ የተለጠፈ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው። ሱቁ ውስጥ እንኳ «ማዶ» ብለው ነበር የሚጠሩት። አዘጋጁን ደግሞ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ጋሼ ዝምታ ነው። ማንም ሰው በማይናገርበት ሰዓት ሳይቀር «ዝምታ!» እያለ ይጮህ ነበር።

እኔ የምውለው ከልብስ ሰፊዋ ከእትዬ ክር ጋር ነበር። መቁረጫ ጠረጴዛዋ ስር በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ጎጆ ሠርቻለሁ። እትዬ ክር አፏ ውስጥ ስፒል ሳትይዝ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ የምታወራው በስፒሎቹ መሀል ነው፣ እንዲያም ሆኖ ከማንም በላይ ታወራለች። አንድ ቀን አክስቴን ካባ እየለካቻት እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ጓዙ ከበደሽ አይደል?» አለች እትዬ ክር።

«ተይኝ እባክሽ! ወገቤን ቆረጠኝ።»

«እስከ መቼ ልትሸከሚው ነው?»

«እስከ መክፈቻው ነዋ። ቲያትሩ ይከፈት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ልገላገል።»

«በሰላም ያገላግልሽ።»

«አሜን።»

«ጋሼ ዝምታ ጆሮ እንዳይደርስ እንጂ።»

«ከደረሰማ ጉዴ ፈላ!» አለች አክስቴ። «በነጋታው ደንገጡሯን አንስቶ ዙፋኑ ላይ ጉብ ያደርጋታል።»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ፈገግ ብሏል፣ አውቃለሁ። አክስቴ እርጉዝ ነበረች። እሷና ባሏ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ልጅ አይሆንልንም ብለው ከተቀመጡ በኋላ ልጁም ንግሥትነቱም ተማክረው ይመስል በአንድ ወር መጡላት። ጋሼ ዝምታ እርጉዝ ሴት መድረክ ላይ አያወጣም፤ መካን ንግሥት ሆዷ ገፍቶ ስትታይማ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ስለዚህ ተዋንያኑ ተማምለው ደበቁላት። ማንም ቢሰማ እንዳይነቃባቸው ሆዷን «ጓዙ» ይሉታል። ነገሩን ሳያውቁ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ ዝምታና እኔ።

ሆዷስ አይታይሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አክስቴ ድሮም ደልደል ያለች ሴት ናት፣ ቀሚሷ ሰፊ ነው፤ ካወቅኳትም ገና ጥቂት ወራት ነው። አክስት ሲባል እንደዚያ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ጠረጴዛው ስር ሆኜ የሰማሁት ሌላ ነው። ጓዙ እኔ ነኝ። «ልትሸከሚው ነው» መባሌም አላጠራጠረኝም፤ ረዳቱም «ይሄ ጓዝ» ነበር ያለኝ፣ ጓዝ ወንድ ሴት የለውም። እንግዲህ እስከ መክፈቻው እኖራለሁ፣ ከዚያ አውቶቡስ ላይ እጫናለሁ፣ አክስቴም መስኮቱ ስር ቆማ እፎይ ትላለች። አላለቀስኩም። ጨርቅ ቁርጥራጩን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እስኪወጡ ጠበቅኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መቅለል ሆነ። ቁርሴን ግማሽ በልቼ ግማሹን እተዋለሁ። በእግሬ ጣት እራመዳለሁ። ሶፋው ላይ ጠርዙ ላይ ብቻ እቀመጣለሁ፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ መሬት እወርዳለሁ። ከልምምድ ስንመለስ አክስቴ ጎንበስ ብላ «ነይ ልዘልሽ፣ ደክሞሻል» ስትለኝ «ራሴ እሄዳለሁ» እላታለሁ።

«እንዴ፣ ትናንት እዘይኝ እያልሽ ስታለቅሺ አልነበረም?»

«ዛሬ አልፈልግም።»

«ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አይ።»

ቀና ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። የተረፈውን ዳቦዬንም ቆማ እያየችው ትቆያለች፣ በኋላ ራሷ ትበላዋለች። ያኔ ዳቦው እንዳይባክን ብላ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳወራት ግን ምን አለችኝ? «የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ። እናቷን ፈልጋ እኔን አግኝታ ነው፣ ምን ታድርግ እያልኩ፣ ዳቦሽን እየበላሁ አለቅስ ነበር።» አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በየፊናው ተጠላሁ ብሎ አንዱን ዳቦ ተካፍሎ ሲያዝን፤ ይገርማል።

መክፈቻው ሲቃረብ የንግሥቲቱን ማደጎ የምትጫወተው ልጅ ኩፍኝ ያዛት። ጋሼ ዝምታ አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«ይቺስ?»

«እሷ አትሆንም» አለች አክስቴ፣ ቃሉን ሳታስጨርሰው።

«ለምን አትሆንም?»

«አትሆንም አልኩህ እኮ! ሌላ ፈልግ።»

ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችውና በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ለኔ የደረሰኝ አንድ ቃል ነው፤ «ተሰጥታለች» ስትል ሰማኋት። በቃ፣ አልቋል ማለት ነው። ለማን እንደሆነ ብቻ ነው ያልሰማሁት። ሙሉውን የነገረኝ ማዶ ነው፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ሱቁ ውስጥ ፀጉሬን ሲቆርጠኝ። «አንዴ ተሰጥታለች፣ ይበቃታል! በጨዋታ እንኳ ለሰው አልሰጣትም» ነበር ያለችው።

እኔ ግን ሮጬ መሀላቸው ገባሁና «እኔ እሆናለሁ!» አልኩ። ጓዝ ሥራ ከሠራ ጓዝ አይባልም ብዬ ነው። አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች፣ ጋሼ ዝምታ «ይኸው!» አለ።

የምጫወተው ይህን ነበር። የማዶው ንጉሥ ጦሩን ተደግፎ «መያዣ ስጪኝ፣ ሠራዊቴን እመልሳለሁ» ይላል። ንግሥቲቱ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ማህፀኔ ዝግ ነው። ያለችኝ ያሳደግኳት ይህቺ ብቻ ናት። ውሰዳት!» ትላለች። እኔ እጅ ነስቼ «እመቤቴ፣ ደህና ይሁኑ» እላለሁ፣ የማዶን እጅ ይዤ እወጣለሁ። አይ ታሪክ ጸሐፊ! ለልጅ የሚሆን ሌላ ነገር አጥቶ።

በልምምድ ላይ ጋሼ ዝምታ ለኔ ምንም ማረሚያ አልነበረውም። «አያችሁ እቺን? አንገቷን ስትደፋ አያችሁ? ከልቧ ናት!» ይላል። ችግሩ አክስቴ ናት። «ውሰዳት» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል።

«ጠንከር በይ እንጂ! ንግሥት እኮ ነች፣ አልቃሻ አይደለችም! ድገሚው!»

ትደግመዋለች። ይሰበራል። ትደግመዋለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠነከረች መጣች። እየተለማመደች ነው አልኩ በልቤ፣ መናኸሪያ ስንደርስ እንዳይከብዳት።

መክፈቻው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የአክስቴ ባል ከመንገድ የመጣው እንዳለ ነው፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ከፊት ተቀምጧል። መኪናው ደጅ ቆሟል። እኔን የሚወስደኝ እሱ ነው ማለት ነው፣ አውቶቡስም አያስፈልግም አልኩ። የታሪክ መምህሩም መነጽራቸውን እየወለወሉ መጥተዋል፤ ስህተት ካገኙ ሊይዙ ነው። እትዬ ክር ካባውን ለመጨረሻ ጊዜ ስታሰፋው አንዱን ስፒል ልትውጠው ምንም አልቀራት።

ሁሉም ደህና ሄደ። ማዶ ሲያገሳ ሕፃናት አለቀሱ። ደንገጡሯ ደግሞ ቃሏን ረስታ «እ... እመቤቴ» ብቻ እያለች ብትቆምም ተመልካቹ ከሀዘን ቆጥሮላት አጨበጨበላት። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። ይህ ትዕይንት ሲያልቅ እኔም አልቃለሁ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ወጣሁ። ማዶ ጦሩን ተደገፈ። «መያዣ ስጪኝ፣ ሠራዊቴን እመልሳለሁ።»

«ማህፀኔ ዝግ ነው» አለች አክስቴ። «ያለችኝ ያሳደግኳት ይህቺ ብቻ ናት። ውሰዳት!»

አልተሰበረችም። ድምፅዋ ብረት ነበር፤ ጋሼ ዝምታ የለፋበትን አገኘ።

እጅ ልነሳ ጎንበስ አልኩ፣ ግን እግሬ እምቢ አለ። ሄጄ ወገቧን እቅፍ አደረግኩና ፊቴን ካባው ውስጥ ቀበርኩ። ይሄኔ ጣሪያው ላይ ዝናብ ወረደ።

ምን ዓይነት ዝናብ መሰላችሁ! ጠጠር የጫነ መኪና ላያችን ላይ የተገለበጠ ነበር የሚመስለው። ሁሉም ባለበት ቆመ። ማዶ እጁን ወደኔ እንደዘረጋ ቀረ፣ ወታደሮቹ ደረቁ፣ አክስቴ አንገቷን እንዳቀናች ወደ አዳራሹ ትኩር ብላ ቀረች። ሕጉን አልረሳሁትም። ግን ማንም አይሰማኝም አልኩና በውስጤ ያለውን ሁሉ ካባው ውስጥ ዘረገፍኩት።

«አትገላገይኝ! እኔ ትንሽ ነው የምበላው። ከዚህም እቀንሳለሁ። አልከብድም እኮ፣ ራሴ ነው የምሄደው፣ እዘይኝ አልልሽም! ጠረጴዛው ስር አድራለሁ። እዚያ አትመልሽኝ፣ አክስቴ፣ አትገላገይኝ...»

መንቀሳቀስ የማይገባው የንግሥቲቱ እጅ ቀስ ብሎ ወረደና ራሴ ላይ አረፈ። ይበልጥ ተለጠፍኩባት፣ ጆሮዬን ሆዷ ላይ አድርጌ። ያኔ አንድ ነገር ጉንጬን ድው አደረገኝ። ደነገጥኩ። ደገመኝ። ከካባው አይደለም፣ ከውስጥ ነው፤ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«አክስቴ! ሆድሽ ውስጥ ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ።

የዝናብን ተንኮል ታውቃላችሁ፣ አመጣጡም አካሄዱም ድንገት ነው። «አክስቴ» ስል ነበረ፣ «ሰው አለ» ስል የለም። ድምፄ ያንን ሁሉ አዳራሽ ዞሮ ተመልሶ መጣ። ዝንብ ብትበር ትሰማለች።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ አላስችል ብሏት «ኧረ የማን ነው?» አለች። መቼም ባሏ የሞተባት ንግሥት ናት፣ ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

«የኔ ነው!»

የአክስቴ ባል ነበር። ብድግ ብሎ ቆሟል፣ የመኪናውን ቁልፍ ወደ ላይ ይዞ፣ ዕጣ እንደወጣለት ሰው። «የኔ ነው! የኔ!»

አዳራሹ ፈረሰ። የሚስቀው፣ የሚያጨበጭበው፣ የሚያፏጨው ተደበላለቀ። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። የተቀባችው ቀይ ቀለም በእንባ ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ ግን ንግሥት ነበረች፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ንግሥት አላየሁም። እጇን አነሳች። ሰው ጸጥ አለ።

«ማህፀኔ ዝግ ነው ያልኩት» አለች ወደ ማዶ ዞራ፣ «ለጠላት ጆሮ ነው! ልጅ አለኝ። ይህቺም ልጄ ናት። አንዳቸውንም አልሰጥህም!»

እንዲህ የሚል ቃል በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ማዶ ግን ሲያንሰው ነው፤ ግማሽ ጺሙ ተላቆ እየተንጠለጠለ ጦሩን መሬት ላይ አኖረ። «ሁለት ወራሽ ያላትን አገር ማን ይደፍራል! ሠራዊት ሆይ፣ ወደ ቤታችን!» አለና ወታደሮቹን እየነዳ ወጣ። አንዱ ወታደር «ጦርነቱስ?» ሲለው «ዝም ብለህ ውጣ!» ሲል ሰምቼዋለሁ።

የታሪክ መምህሩ ተነሱ። «ኧረ ጎበዝ፣ ታሪኩ እንዲህ አይደለም! ንግሥቲቱ ልጅ...»

«ዝምታ!» አለ ጋሼ ዝምታ ከመጋረጃው ጀርባ። ያቺን ቃል በቦታዋ ሲጠቀምባት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጋረጃውን ጎተተው፣ መጋረጃው እንደልማዱ ግማሽ ላይ ተቀረቀረ፤ ሰውም የአክስቴን ጫማና የኔን ጫማ እያየ ማጨብጨቡን ቀጠለ።

አክስቴ ዙፋኑ ላይ ዘጭ አለች። ዙፋኑ ቀለም የተቀባ የሳሙና ሳጥን ነው። ሁለት እጄን ያዘች።

«ዝናቡ ውስጥ ምን ነበር ስትዪኝ የነበረው? ግማሹን ነው የሰማሁት። ማን ነው የሚገላገልሽ?»

«አንቺ» አልኩ።

«እኔ? ማን አለሽ?»

«ራስሽ። ለእትዬ ክር። ጓዙ ከብዶኛል፣ ቲያትሩ ይከፈት እንጂ እገላገለዋለሁ ብለሻል። ጠረጴዛው ስር ነበርኩ።»

እትዬ ክር ስፒሎቿን ሁሉ መሬት ላይ ተፋች። አክስቴ መጀመሪያ አልገባትም፣ ቀጥሎ ገባት፣ ከዚያ ወዲያ መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ ጀመራት። እየሳቀች ደረቷ ላይ ትለጥፈኛለች፣ እያለቀሰች ትስመኛለች፣ እትዬ ክር «ኧረ ቀስ በይ፣ እዚሁ እንዳትገላገዪ!» እያለች በካባው ጫፍ ታራግባታለች።

«አንቺ የኔ ሞኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «መገላገልማ መውለድ ነው። ጓዙም ይሄ ነው፣ ይኸው፣ አሁን የረገጠሽ። ደግሞ እሱንስ ቢሆን መች ተገላግዬው! ከሆዴ ይወጣና ክንዴ ላይ ይቀመጣል፣ ከክንዴ ይወርድና ጀርባዬ ላይ ይወጣል። ዕድሜ ልክ ነው የምሸከመው። አንቺን ደግሞ ቀድሜ ነው የተሸከምኩሽ፣ ከአውቶቡስ ላይ። ማን ነበር የኔ ነው ያለው?»

«አንቺ።»

«እና የኔን ነገር ማን ይወስድብኛል?»

ርቦኝ ነበር። የዚያ ሁሉ ሳምንት ርሃብ በአንዴ መጣብኝና ዳቦ አለ ወይ አልኳት። ማዶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ከረሜላ ሁሉ ጭኔ ላይ ዘረገፈው። ስንወጣ አክስቴ ልታዝለኝ ጎንበስ ስትል ባሏ ቀደማት፤ ትከሻው ላይ አስቀምጦ እስከ ቤት ወሰደኝ። መኪናው የቆመው ለካ እሷ በእግሯ እንዳትሄድ ሊወስዳት ነበር፤ በደስታ ብዛት ረስቶት ሁላችንም በእግራችን ሄድን። ሊያመጣው የተመለሰው ሲነጋ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ሰው «የዝናቡን ነው የምናየው» ብሎ በር ላይ ተሰለፈ። ጋሼ ዝምታ ምን አማራጭ አለው? አክስቴን ሊያነሳ ቀርቶ የታሪክ መምህሩ አንድ መስመር እንዳይናገሩ እትዬ ክርን አጠገባቸው አስቀመጠ። ዝናብ በሌለ ቀን ወታደሮቹ ከጣሪያው በላይ ወጥተው ጠጠር ይበትኑ ነበር። እርግዝናውን እሱ ሳያውቅ ደበቅንለት ብለን ለዓመታት አወራን። እውነቱን እትዬ ክር ልትሞት ስትል ነው ያወጣችው። ካባው እንዲሰፋ ያዘዘው፣ ሆዷ ሳይገፋ እንዲደርስ፣ ጣሪያው ሊጠገን ነው በሚል ሰበብ መክፈቻውን ያስቀደመው ራሱ ጋሼ ዝምታ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቃል። «አውቃለሁ ካልኩ ላነሳት ነው፣ ስለዚህ አላውቅም» ብሏታል። ሳያውቁ ከቀሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እንዲህ ከመዝገብ ወጣና እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

አክስቴ የወለደች ቀን ጠዋት እትዬ ክር ከበር ጀምራ እየጮኸች መጣች። «ተገላገለች! ተገላገለች! በሰላም ተገላገለች!»

«ከማን?» አልኳት።

ቀልዴ ነው። የመጀመሪያ ቀልዴ። እትዬ ክር እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች፣ እኔም እፎይ አልኩ፤ ያቺን ቃል ራሴ ስላት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንዲት ሴት ስትወልድ «ተገላገለች» ሲባል «ከማን?» ካልተባለ ደስታው አይሞላም። እኔም ስወልድ አክስቴ ስልክ ደውላ «ተገላገልሽ?» አለችኝ። «ተገላገልኩ» ስላት የጠየቀችኝን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ወር ባሏ ካረፈ ዓመቱን ሞላና እኔ ጋ ልትኖር መጣች። ስትነሳ በስልክ «ምን ያደርግልሻል፣ ባረጀሁ ጊዜ ጓዝ ልሁንብሽ?» እያለች ስታስቸግረኝ ነበር። መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳት። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ። ረዳቱ፣ የልጅ ልጅ የሚሆነኝ ጎረምሳ፣ ሻንጣና ዘንቢል በበሩ ቆልሎ አንገቱን አወጣ።

«ይሄ ሁሉ ጓዝ የማን ነው?»

ከጓዙ ጀርባ አክስቴ ምርኩዟን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ። የልጅ ዓይን ነው ያየሁባት፣ ይህን ዓይን አውቀዋለሁ።

«የኔ ነው!» አልኩ፣ እጄን አውጥቼ፣ መናኸሪያው በሙሉ እስኪዞር ድረስ።

«እሳቸውስ?»

«እሷም የኔ ናት! ሁሉም የኔ ነው!»

አክስቴ ፊቷ በራ። ምርኩዟን ለረዳቱ አስያዘችና ክንዱን እየተደገፈች መውረድ ጀመረች።

«ቀስ አድርገህ አውርደኝ ልጄ» አለችው፣ «ጓዝ ይሰበራል።»